አልፈቀዱልኝም

ባሏ የመኪና መንዳት አስተማሪ ነበር። ከጠዋት እስከ ማታ ከተለማማጅ ጎን ተቀምጦ፣ እግሩን በእሱ በኩል በተገጠመው ትርፍ ፍሬን ላይ አሳርፎ፣ «ቀስ፣ ቀስ፣ አይዞሽ፣ ቀስ» እያለ የሚውል ሰው። ተማሪዎቹ «ጋሼ ቀስ» ብለው ስም አወጡለት። ስሙ ከመኪናው ወርዶ ሰፈር ገባ፣ ከሰፈርም አልፎ ቤቱ ድረስ ዘለቀና እሷም ሲያናድዳት «ጋሼ ቀስ፣ ዛሬ እንኳን ቶሎ በል!» ትለው ጀመር። እሷ ደግሞ ቀስ የሚባል ነገር በማይታወቅበት ቦታ የምትሠራ ሐኪም ነበረች። በድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊስት ለመሆን ስትማር ሁለተኛ ዓመቷ ነው። ቀኗ በቃሬዛ ጎማ ድምፅ ይጀምራል፣ በቃሬዛ ጎማ ድምፅ ያልቃል። በመሃል ምሳ የሚባል ነገር ካለ ቆማ የምትውጠው ዳቦ ነው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሰኞ ለሚጠብቃት ፈተና መጽሐፏ ላይ ተደፍታ ሳለች፣ ባሏ ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ከመታጠቢያ ቤት ወጣና በሩ ላይ ቆመ።

«ስሚማ» አላት። «ሽንት ቤት ስቀመጥ ደም ያየሁ መሰለኝ።»

ቀና አላለችም። «ከጀመረህ ስንት ቀን ሆነህ?»

«ሦስት አራት ቀን።»

«ያምሃል?»

«ብዙም አይደል።»

«ቀኑን ሙሉ መኪና ውስጥ ተጎልተህ እየዋልክ ሌላ ምን ይመጣል ብለህ ነው? ኪንታሮት ነው። ውሃ ጠጣ፣ አትክልት ብላ። ቅባት አመጣልሃለሁ።»

«ኧረ ሐኪሜ፣ እንዲያው አንዴ እንኳ ቀና ብለሽ እዪኝ!» አለ እየሳቀ።

«ሰኞ ፈተና አለብኝ አልኩህ እኮ!»

ማክሰኞ ቅባቱን አመጣችለት። እሱም የታዘዘውን የሚፈጽም ሰው ነበርና ጠዋት ማታ ተቀባው። ፈተናውን በጥሩ ውጤት አለፈች። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ «ይደክመኛል» ሲላት ሰምታለች። አንዴ «ማን የማይደክመው አለ?» አለችው። ሌላውን ጊዜ ምን እንዳለችው አታስታውስም፤ ምናልባት እንቅልፍ ወስዷት ይሆናል።

አምስት ወር አለፈ።

አንድ ረቡዕ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከድንገተኛው ክፍል በር አጠገብ ባለችው ጠረጴዛ የሚመጣውን በሽተኛ እየለየች ሳለ፣ የተለማማጅ ምልክት የለጠፈች ትንሽ መኪና ስቅ እንደያዘው ሰው እየዘለለች የአምቡላንሱን መግቢያ ወጣችና በሩ ፊት ለፊት ሞተሯ ድርግም ብሎ ጠፋ። ከመሪው ወንበር አንዲት ፀጉር ሠሪ ሽርጧን እንዳደረገች ዘላ ወርዳ «ጋሼን! ኧረ ጋሼን ድረሱልኝ!» እያለች ጮኸች።

ሐኪሟ ከጠረጴዛው እንዴት እንደተነሳች አታውቅም። ባሏ በጎን ወንበር ላይ ተንጋሏል። ፊቱ ወረቀት መስሏል፤ ላቡ ግን በአንገቱ ይወርዳል። እግሩ አሁንም ትርፉ ፍሬን ላይ ነው።

«ከሦስተኛ ማርሽ አልፋ አታውቅም ነበር» አላት ባለቀ ድምፅ። «ዛሬ አራተኛ አስገባች። ፈተናውን አልፋለች በይልኝ።»

ፀጉር ሠሪዋ ይህን ስትሰማ እዚያው አስፋልቱ ላይ ቁጭ ብላ ማልቀስ ጀመረች።

ወደ ውስጥ ገፉት። ሐኪሟ በለመደ እጇ ወዲያው ደም ሥሩን ፈልጋ መርፌ ሰካች፣ ለምርመራ ቀዳች፣ ግሉኮስ አንጠለጠለች። ውጤቱ ሲመጣ አሥራ አራት መሆን የነበረበት የደሙ መጠን ስድስት ሆኖ ተገኘ። ይህን ጊዜ አንድ ዓመት የሚቀድማት የሥራ ባልደረባዋ ትከሻዋን ይዞ አስወጣት። «አንቺ ዛሬ ቤተሰብ ነሽ፤ ውጪ» አላት። መጋረጃውም ፊቷ ላይ ተዘጋ።

በመጋረጃው ሥር የባልደረባዋን ጫማ ታያለች። ጓንት ሲያጠልቅ ተሰማት። ምን ሊያደርግ እንደሆነ አወቀች፤ ፊንጢጣውን በጣቱ ሊመረምረው ነው። እሷ ራሷ ይህን ምርመራ ስማቸውን ለማታስታውሳቸው ስንትና ስንት ሰዎች ሠርታለች። አንድ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ቅባት ከመስጠት ያነሰ ጊዜ ይወስዳል።

ባልደረባዋ ሲወጣ ጓንቱን ቀስ ብሎ እያወለቀ ነበር። ዓይኗን አላያትም።

«እብጠት አለ» አለ። «ጠንከር ያለ ነው። ደሙ ከጀመረው ስንት ጊዜው ነው?»

«አላውቅም» አለች።

«እሱን ስጠይቀው ሰሞኑን ነው አለኝ። ሁለት ሳምንት ቢሆነው ነው አለ።»

ካርዱ ላይም ሁለት ሳምንት ተብሎ ተጻፈ። ባሏ ለምን እንደዋሸ እሷ ብቻ ገባት። አላረመችውም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ በየሆስፒታሉ የሚሆነው ነው። ናሙና ተወሰደ፣ ሲቲ ስካን ተነሳ፣ የትልቁ አንጀት ካንሰር ተባለ፣ ጉበቱም ላይ ነጠብጣቦች ታዩ። ቀዶ ሐኪሞቹ የታመመውን አንጀት ቆርጠው አወጡና ሆዱ ላይ ቀዳዳ ከፍተው ሰገራው የሚወርድበት ከረጢት አንጠለጠሉለት። ኬሞው ተጀመረ። አሥራ ሁለት ዓመት የሚበልጡት፣ እናታቸው ከሞቱ ወዲህ ያሳደጉት ታላቅ እህቱ ሻንጣቸውን ይዘው መጥተው ሳሎኑ ውስጥ ሰፈሩ። ሐኪሟ «እትዬ» ትላቸዋለች። ትምህርት ቤት ውስጥ ልብስ ስፌት ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ የሚሉትን ነገር ሳያመዛዝኑ የማይናገሩ፣ ከተናገሩ ግን የማይመለሱ ሴት ነበሩ።

በሦስተኛው ሳምንት የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ፣ ሁሉም ሰው በቁጣቸው የሚያውቃቸው ፕሮፌሰር፣ ሐኪሟን ወደ ጠባቧ ቢሯቸው አስጠሯት።

«ተቀመጪ» አሏት። «ሰምቻለሁ። ስድስት ወር ውሰጂ። ቦታሽ አይነካም፣ ዓመትሽም አይቃጠልም። ወረቀቱን እኔ እጨርሳለሁ። ሂጂና ባልሽ አጠገብ ሁኚ።»

እንዲህ በቀላሉ ይሆናል ብላ አልጠበቀችም። «አመሰግናለሁ፤ ቤት ተማክሬ ልምጣ» ብላ ወጣች።

በአውቶቡስ ስትሄድ ልትነግረው ነበር። የቤቱን በር ስትከፍት ልትነግረው ነበር። ውስጥ ግን የመድኃኒትና የሾርባ ሽታ ተቀላቅሎ ጠበቃት። እትዬ ሳፋ ይዘው ቆመዋል። ባሏ ሶፋው ላይ ነው፤ አንገቱ ቀጥኖ የሸሚዙ ኮሌታ የሌላ ሰው መስሏል። ስታየው ያቺ ቅዳሜ፣ ያ ፎጣ፣ ያ «ቀና ብለሽ እዪኝ» ያለው ድምፅ ሁሉም ባንድነት መጡባት። ከዚህ ክፍል ጋር ስድስት ወር ሙሉ ጠዋትና ማታ!

«ምን አሉሽ?» አላት ባሏ። ፈቃድ ልትጠይቅ እንዳሰበችና እንደተጠራች ያውቅ ነበር።

«አልፈቀዱልኝም» አለች።

አስባ አልተናገረችውም። ከአፏ አመለጣት፤ ካመለጣት በኋላ ግን አልመለሰችውም።

ባሏ «እንዴት ያለ አንጀት የሌለው ሰው ነው!» አለ። ወዲያው ራሱ የተናገረው ቃል ገባውና ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ይቅርታ፣ አንጀት የሌለኝስ እኔ ነኝ!» እትዬም ሳፋውን ይዘው ሳይወዱ ሳቁ። እሷም አብራቸው ሳቀች።

ሥራ ቦታ እጇ የሚያደርገውን ያውቃል። ትንፋሽ ያጠረው መጣ፣ ኦክስጅን። የደማ መጣ፣ ያዝ፣ እሰር፣ ደም ስጥ። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ወይ ይድናል ወይ አይድንም፤ በሁለቱም መንገድ ሌላ ሰው ይመጣል። ቤት ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ በአሥር ደቂቃም አያልቅም። እንዲያውም የሌሎች ሰዎችን ተረኛነት እየጨመረች ወሰደች። ጎበዝ ወጣት ተባለች። ፕሮፌሰሩ «ቤት ተማክረን ሥራዬን ልቀጥል ብለናል» ስትላቸው ግንባራቸውን ቋጥረው አይተዋት «እንደመረጥሽ» ብለው ነበር፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ በጠዋቱ ስብሰባ ላይ ሁለት ጊዜ በሰው ፊት አመሰገኗት። ድሮ አርፍደው የሚመጡ ቤተሰቦችን «እስካሁን የት ነበራችሁ?» ብላ ትቆጣ ነበር፤ አሁን ያን ትታለች፣ ይህን ለውጥ ግን ማንም ልብ አላለላትም። ፈረቃዋ ካለቀ በኋላ ግቢው ውስጥ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል ሳትቀመጥ ወደ ቤት አትሄድም።

ቤት ስትገባም ሚስት ሆና አትገባም። ማቀዝቀዣው በር ላይ ሠንጠረዥ ለጥፋለች፤ ትኩሳቱን፣ ከከረጢቱ የወጣውን፣ የጠጣውን፣ የዋጠውን ክኒን ትሞላበታለች። እትዬ ቀን ቀን የጎደለውን በእርሳስ ይጽፉላታል።

«እስቲ ወረቀቱን ተይና እዚህ አጠገቤ ተቀመጪ» ይላታል ባሏ።

«እሺ፣ አንድ ደቂቃ።»

ያች አንድ ደቂቃ ሳትመጣ እንቅልፍ ይወስደዋል። አንዳንዴ እስኪወስደው ጠብቃ ነው።

ፕሮፌሰሩ በሌሉበት በዚያ ቤት በየቀኑ ይረገሙ ነበር። «ይህ ሰው ሚስት የለውም እንዴ?» ይላሉ እትዬ። «ኧረ ተዪው፣ አንድ ቀን መንጃ ፈቃድ ሊያወጣ ከእኔ ዘንድ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ዳገት ላይ አስቁሜ ፍሪሲዮን አስለቅቀዋለሁ» ይላል ባሏ። እሷ ሳህን ታጥባለች። እንዲህ አራት ወር ሄደ። ኬሞው ሁለት ጊዜ ተቀየረ። ጉበቱ ላይ ያሉት ነጠብጣቦች ግን አደጉ።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። እትዬ ሲከፍቱ አንድ ሽበታም ሰው በፌስታል ብርቱካን ይዘው ቆመዋል። ፕሮፌሰሩ ነበሩ። ሐኪሟ ከወጥ ቤት ድምፃቸውን ስትሰማ የምታጥበውን ሳህን አስቀመጠች።

እትዬ እንግዳውን አስቀመጡ፣ ፊታቸውን ግን አልፈቱም። ፕሮፌሰሩ ባሏን እንደ ሐኪም ሳይሆን እንደ ሰው ጠየቁት፤ ስለ ሥራው አነሱ፣ እሱም ስለ ተማሪዎቹ አንድ ሁለት ቀልድ አወራ። ሻይ መጣ። እትዬ ሲያመዛዝኑ የቆዩትን ከዚህ በላይ መያዝ አልቻሉም።

«ለመሆኑ ጌታዬ፣ ልጠይቅዎት» አሉ። «ባሏ እንዲህ ሆኖ ተኝቶ ሳለ፣ ሚስትን ከሥራ አልለቅም ማለት ደግ ነው?»

ፕሮፌሰሩ ብርጭቆውን አስቀመጡ። «እኔ ነኝ ያልለቀቅሁት?»

«ታዲያ ማን ነው?»

«እኔማ ስድስት ወር ውሰጂ ብያት ነበር። ከአራት ወር በፊት። እሷ ናት እኮ…»

ቀና ሲሉ ሐኪሟን አዩዋት። የወጥ ቤቱ በር ላይ የስኳሩን ዕቃ ይዛ ቆማለች።

«እኔ ነኝ ፕሮፌሰር» አለ ባሏ ድንገት። «እኔ ነኝ ፈቃዱን አትውሰጂ ያልኳት። ትምህርትሽን ብታቋርጪ አልጋዬ ላይ አልተኛም ብዬ አስቸገርኳት። እትዬ እንዳትጮኽብኝ ደግሞ አልፈቀዱላትም ብለን በእርስዎ አሳበብን። ይቅር ይበሉን፣ ስምዎን አጥፍተናል።» ሳቀም። ሳቁ መሃል ላይ ሳል ያዘው።

እትዬ ወደ ወንድማቸው ዞረው «አንተ ልጅ! መቼ ነው ልብ የምትገዛው?» አሉ። አመኑት። ፕሮፌሰሩ ግን ሐኪሟን ትንሽ አየት አደረጓትና ሻያቸውን ጨርሰው ጠጡ። ሲወጡም በሩ ላይ ምንም አላሏት፤ «በርቺ» ብቻ።

በማግስቱ ጠዋት እትዬ ገበያ ወጡ። ሐኪሟ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትጠራ መጥታ ከአልጋው ጠርዝ ተቀመጠች። ባሏ መስኮቱን እያየ ነበር።

«ለምንድን ነው?» አላት።

መልሱን ስንት ጊዜ አውጥታ አውርዳዋለች። «ሳይህ ያቺ ቅዳሜ ትመጣብኛለች» አለች። «ቅባቱ።»

ባሏ ዓይኑን ከመስኮቱ መለሰ።

«ሌላ ሐኪም ዘንድ መሄድ እችል ነበር» አለ። «እግር አለኝ፣ መኪና አለኝ። አንቺ የነገርሽኝን ማመን ደስ ስለሚለኝ ነው አርፌ የተቀመጥኩት። በቅባቱ አልተቀየምኩሽም።»

እጁን ልትይዝ ዘረጋች።

«ቆይ፣ አልጨረስኩም» አለ። «በአራቱ ወር ግን ተቀይሜሻለሁ። እዚህ ተኝቼ ያን ሰውዬ ስረግም፣ ቢለቃት ትመጣ ነበር እያልኩ ነበር የምጽናናው። ለካስ የሚይዝሽ ሰው አልነበረም።»

አለቀሰች። እሱ አላባበላትም፤ እጁን ግን አልነጠቃትም። ትንሽ ቆይቶ፣ ለተለማማጅ በሚናገርበት በዚያ ድምፅ «በቃ፣ አሁን ነይ» አላት።

በዚያው ቀን ፈቃዱን ወሰደች። የቀረው ዕድሜ ሃያ ሦስት ቀን ነበር፣ ያን ጊዜ ግን አላወቁትም።

ጀርባውን የሚያመው ሕመም አልጋ ላይ አላስተኛው ሲል፣ ወደ ኋላ የተለቀቀው የመኪናው የጎን ወንበር እንደሚሻለው አወቁ። ጠዋት ጠዋት ደግፋ አውጥታ በር ላይ በቆመችው መኪና ውስጥ ታስቀምጠዋለች፤ እሷ መሪው ጋ ትቀመጣለች። ሞተር አያስነሱም። በመንገዱ ላይ የሚያልፈውን ሁሉ ይተቻል፤ «ይኼ መስታወት አያይም»፣ «ይቺ ፍሪሲዮን ታቃጥላለች»፣ «ይኼንን ማን አስተማረው? እኔ ነኝ መሰለኝ።» በስምንት ዓመት ትዳር ያልሰማችውን ሰማች። እሱ ራሱ በመንጃ ፈቃድ ፈተና ሁለት ጊዜ ወድቆ እንደነበር፣ ለማንም እንዳልነገረ። ሠርጋቸው ቀን ጫማው ጠቦት እግሩ ቆስሎ እያነከሰ እንደጨፈረ። እናቱ ሲሞቱ እትዬ የራሳቸውን የትምህርት ዕድል ለእሱ ሲሉ እንደተዉት። ከሰዓት በኋላ ይደክመውና አጠገቧ ያንቀላፋል። ጥቂት ጠዋት ይህን ያህል ከያዘ አራት ወር ምን ያህል ይይዝ እንደነበር ታስባለች፣ ሒሳቡም በደረቷ ላይ ይቀመጣል።

በሃያ ሦስተኛው ቀን ወደ መኪናው አልወጡም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትንፋሹ እየራቀ ሄደ። ምን ማድረግ እንደሚቻል፣ ምንም ማድረግ እንደማያስፈልግም ታውቃለች። እትዬ አንድ እጁን፣ እሷ ሌላውን ይዘው ሳለ አረፈ።

ከሁለት ወር በኋላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እትዬ ወደ ቤታቸው የሚመለሱበት ቀን ደረሰ። ሻንጣቸውን እያዘጋጁ፣ የወንድማቸውን ሸሚዞች አንድ በአንድ በጥንቃቄ እያጠፉ ሳለ፣ ሐኪሟ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

«እትዬ፣ የምነግርዎት አለ።»

ሁሉንም ነገረቻቸው። ቅዳሜውን፣ ቅባቱን፣ ካርዱ ላይ የተጻፈውን ሁለት ሳምንት፣ «አልፈቀዱልኝም» ያለችውን፣ እሱ እንዴት እንደሸፈነላት። እትዬ አላቋረጧትም። እጃቸው ላይ ያለው ሸሚዝ ግማሽ እንደታጠፈ ቀረ።

«ያን ዕለት ብታዪው ኖሮ» አሉ፣ «ይድን ነበር?»

እንደ ሐኪም የምትመልሰው ብዙ ነበር። በመቶኛ፣ በደረጃ፣ ምናልባት በዚያን ጊዜም ጉበቱ ጋ ደርሶ ይሆናል በሚል። ሁሉም እውነት ነበር።

«ሊድን ይችል ነበር» አለች።

እትዬ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ለምን ነገርሽኝ?»

«ከበደኝ።»

«እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ለሁለት ተሸከምነው ማለት ነው» አሉ። ሸሚዙን አጥፈው ጨረሱት፣ ሻንጣውን ዘጉት። በር ላይ ጉንጯን ሳሟት፤ ነገር ግን እንደ ወትሮው ጠበቅ አድርገው አላቀፏትም።

ትምህርቷን በጊዜው ጨረሰች። ስፔሻሊስት ሆና እዚያው ተቀጠረች። በየእሑዱ ከሰዓት በኋላ ለእትዬ ትደውላለች። «ደህና ነኝ» ይላሉ። «ጉልበቴ ትንሽ ያመኛል።» እሷም ከወንበሯ ቀና ብላ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ ያብጥ እንደሆነ፣ ደረጃ ሲወጡ ይብስ እንደሆነ ትጠይቃቸዋለች። እትዬ ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ፣ ባጭሩ ይመልሳሉ። ስለ እሱ አያነሱም። ከዚያ «በይ ደህና ሁኚ» ይሉና ስልኩን ይዘጋሉ።